ለግርዶሽ ሳጥን የትኛው እንጨት ይሻላል?

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በአገራችን ፀሐይ በከፊል ትጋረዳለች። የክረምቱ ደመና ከራራልን፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ያለ ልጅ ሁሉ ቀና ማለቱ አይቀርም። በየቤቱም የኤክስሬይ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት ወይም በሳፋ የተሞላ ውኃ ይዘጋጃል። ወላጆች፣ ሦስቱም ዓይን አያድኑም።

ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ልጁ እየተቃጠለ እንኳ አያውቀውም። ከሰዓታት በኋላ መሐል መሐሉ ይደበዝዝበታል፤ ለዚህ ደግሞ አስተማማኝ መድኃኒት የለም።

የሚሻለው ከልጆች ጋር የሳጥን ካሜራ መሥራት ነው። ባሕር ዛፍ ደጃችን ሞልቷል፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ብርሃን ከገባ ምስሉ ይጠፋል። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ለመጋዝም ለልጅ ክንድም ይከብዳል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለሥራ ይመቻል፣ በደንብ ከደረቀ ቅርጹን አይለቅም፤ ከበሮም የሚፈለፈለው ከእሱ ነው። ለዚህ ብላችሁ ዛፍ አትቁረጡ፤ ከአናጺ ቤት የተረፈ ጣውላ ይበቃል። ጉጥ የሌለበትን፣ በጥላ የደረቀውንና 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ምረጡ። አሮጌ ቀለም ያለበትን ተዉት፤ ቀለሙ የእርሳስ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ሲጋዝና ሲሞረድ ውጭ ይሁን፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈን።

ሳጥኑ 1 ሜትር ይርዘም። በላይኛው ጫፍ ከወተት ቆርቆሮ የተቆረጠ ቁራጭ ምቱና በቀጭን መርፌ አንድ ቀዳዳ ብሱ። በታችኛው ጫፍ ውስጡን ነጭ ወረቀት ለጥፉ፤ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ በጎኑ ትንሽ መስኮት ክፈቱ። የቀረውን ውስጡን በጥላሸትና በኮላ አጥቁሩት። መጋጠሚያውን በሰጋቱራና በኮላ ድፈኑ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሳጥኑን አቁማችሁ ጥቂት አዘንብሉት። ወረቀቱ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የፀሐይ ምስል ታርፋለች፤ ስትጋረድም እንደ ጨረቃ ትጎድላለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በመስኮቱ ይመልከት። በመርፌው ቀዳዳ ወደ ፀሐይ ማየት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሳጥኑን በግንቦት ፀሐይ ሞክሩት። ልጁ ቀድሞ ከለመደው በዕለቱ ቀና ለማለት አይጓጓም። እናንተ ግን ከአጠገቡ አትራቁ።