ለደጋው አየር የደጋ ኬዝ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በከተማዋ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ኬዝ ግን በአብዛኛው የመጣው ከምሥራቅ እስያ የባሕር ጠረፍ የኢንዱስትሪ ከተሞች ነው፤ ሲነደፍም የታሰበው ለዚያው አየር ነው። የኮምፒውተር ኬዝ ቆርጦ አዲስ ገጽ ማልበስና ማሽኑን በውሃ ማቀዝቀዝ በሌላው ዓለም የጌም ወዳጅ ወጣቶች መዝናኛ ተደርጎ ይታያል። ለጎጃም ደጋ ግን ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም አለው እላለሁ። ለራሳችን አየር የሚስማማ ኬዝ በራሳችን ባለሙያዎች እጅ መሥራት ይቻላል፤ ይገባልም። ሙያው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ወርክሾፕ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ቅደም ተከተሉም ኬዙ መጀመሪያ፣ ውሃው ቀጥሎ መሆን አለበት።

ነገሩን ከአየሩ እንጀምር። ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። 300 ዋት የሚወስድ ማሽን 300 ዋት ሙቀት ያወጣል ማለት ነው። በኬዙ ውስጥ የሚያልፈው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ በባሕር ወለል ላይ በሰከንድ 25 ሊትር ያህል አየር ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ላይ ለዚያው ሥራ 33 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው ሊትር ያው ነው፤ በዚያ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ግን ክብደቱ ቀንሷል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ውሃ በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንዲፈላና ባቄላ ቶሎ እንዳይበስል የሚያደርገውም ይኸው የአየር መሳሳት ነው። የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አሽራይ ለተለመደው የሰርቨር ክፍል ባወጣው መመሪያ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ የመግቢያ አየር ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ይመክራል። ይህ ለደብረ ማርቆስ ሲሰላ ቅናሹ 5 ዲግሪ ይደርሳል።

«ደጋው ራሱ ብርድ ነው፤ የምን ማቀዝቀዣ?» የሚል ይኖራል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የደብረ ማርቆስ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በባሕር ወለል ላይ ከክፍሉ ሙቀት በ40 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚሠራ ፕሮሰሰር እዚህ በግምታዊ ስሌት በ50 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል እንበል። ክፍሉ 18 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 68 ላይ ይቆማል። 32 ዲግሪ በሆነ የጅቡቲ ክፍል ውስጥ ግን ያው ማሽን 72 ይደርሳል። ስለዚህ ቅዝቃዜው የሳሳውን አየር ጉዳት ይክሳል፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጠዋል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን አንድ ነገር ከተሟላ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ወደ ኬዙ መግባት አለበት። ፊቱ በፕላስቲክ ወይም በመስተዋት የተደፈነ፣ ከጎኑ በጠባብ ቀዳዳ ብቻ የሚተነፍስ ኬዝ ከደጃፉ ያለውን ጸጋ አይጠቀምበትም። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለወራት የሚቦነው አቧራ ከማገዶ ጭስ ጋር ተዳምሮ በማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች መካከል ይጋገራል፤ ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ማሽንም ይግላል። ፕሮሰሰሩ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ለመግዛት ያስባል፤ ችግሩ ያለው ግን ኬዙ ላይ ነው።

ለዚህ ችግር የሚሆነው መፍትሔ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። የኬዙን ፊት ቆርጦ በሰፊው መክፈት፣ በክፍቱ ላይ ታጥቦ የሚመለስ ማጣሪያ መግጠም፣ አነስ ባሉት ፋኖች ፋንታ ዘገም ብለው የሚዞሩ ሰፋፊ ፋኖችን ማድረግ፣ አየር የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት እንዲበልጡ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ነጥብ ወሳኝ ነው። ወደ ውስጥ የሚገፋው አየር ከበለጠ፣ በየስንጥቁ ያለው አየር ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም፤ አየሩ የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይሆናል። ላሜራ ቆርጦ፣ አጥፎና በይዶ በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ባለሙያ በደብረ ማርቆስም በየወረዳው ከተማም አለ። ለጎን ገጹ ደግሞ ቀርከሃ አለን። የደጋ ቀርከሃ በጮቄ ተራራ ዙሪያና በአዊ በሰፊው ይበቅላል፤ የእንጅባራ አካባቢ ባለሙያዎች ከእሱ የቤት ዕቃ ይሠራሉ። የብረቱ አጽም ከነመሬት ሽቦው እንዳለ ይቆይ፤ ፓወር ሰፕላዩም በብረት እንደተከበበ ይቆይ፤ ገጹ ግን አየር በሚያሳልፍ የቀርከሃ ሥራ ሊለብስ ይችላል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በዶላር ከሚገባ አዲስ ማሽን ይልቅ፣ በላሜራና በጉልበት ዋጋ የነበረውን ማሽን ዕድሜ ማራዘም ጤናማ ስሌት ነው።

ውሃው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ ሙቀት በመሸከም አየርን እጅግ ይበልጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ 33 ሊትር አየር የሚያወጣውን ያንን 300 ዋት ሙቀት በሰከንድ 7 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም ግማሽ የሾርባ ማንኪያ፣ ተሸክሞት ይሄዳል። አይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮቹን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በውሃ ያቀዘቀዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የቤት ኮምፒውተር በውሃ ማቀዝቀዝ ሲጀመርም ዛሬ በሣጥን ታሽጎ የሚሸጠው ዕቃ አልነበረም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻና ከዚያ በኋላ የነበሩ ወጣቶች ከአሮጌ መኪና የተፈታ የማሞቂያ ራዲያተርና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ አገናኝተው ነው የጀመሩት። ራዲያተር የሚያጥብ፣ የሚፈትሽና የሚበይድ ሰው በየጋራዡ ባለበት አገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ሆኖም የውሃውን ወሰን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ውሃ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ አንስቶ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል፤ ራዲያተሩ ግን መልሶ ለዚያው ለሳሳ አየር ነው የሚያስረክበው። ስለዚህ በደጋ ራዲያተሩ ሰፋ ማለት አለበት፤ የተደፈነ ኬዝ ውስጥ የተገጠመ የውሃ ማቀዝቀዣም ገንዘብ ማባከን ነው። ጽሑፍ ለሚጻፍበትና ሒሳብ ለሚሠራበት ማሽን ውሃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ብቻውን 575 ዋት ድረስ እንደሚወስደው የኢንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ያለ ግራፊክስ ካርድ ለተሸከመ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ለሚያሠለጥን ማሽን ነው።

ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው አይሄዱም የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው። አፕል በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 ላይ እንኳ ፈሳሽ እያፈሰሰ ማሽን ያበላሸበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን አደጋው ምክንያቱ የታወቀ፣ መከላከያውም የታወቀ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ብረት ብቻ መምረጥ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ያስቀምጣል፤ ስለዚህ የተጣራ ውሃ ብቻ፣ ከአልጌ መከላከያ ጋር። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ንጹሕ ውሃም ይሆናል፤ ሆኖም በአንድ ሱቅ አብሮ ከሚሸጠው አሲድ በጥብቅ መለየት አለበት። መስመሩ ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ ሳይበራ ፓምፑ ብቻ ለአንድ ሙሉ ቀን ይሠራና ፍሳሽ መኖር አለመኖሩ ይፈተሻል። እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን ከመምህር ጋር የሚለመድ ነው። የውሃውን ሥራ ከየግለሰቡ ጠረጴዛ ይልቅ ለኮሌጅ ወርክሾፕ መስጠትን የምመርጠውም ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ መንገድም በየጊዜው ይቋረጣል። ልጆች ደብተርና መምህር ባጡበት ምድር ስለ ኮምፒውተር ኬዝ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ ሰላምን የሚተካ ምንም ነገር እንደሌለም ማንም አይክድም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫ የማይመጣበት አገር ነው ያለውን ጠግኖ የማቆየት ችሎታ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በቤተ ሙከራው የቀሩት ኮምፒውተሮች በአቧራ ታፍነው ቢገኙ ሌላ የሚተካ በጀት አይኖርም። አንድን ማሽን አምስት ተጨማሪ ዓመት ማሠራት የደሃ አገር ጥበብ ነው። ቅንጦት የምለው ኬዝ መክፈት የሚችል ሰው ጠፍቶ ደኅናውን ማሽን መጣልን ነው።

«ሥራው ያለው ሶፍትዌር ላይ ነው» የሚሉም አሉ። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርን ሲጀምር የተነሣው ከዚህ እምነት ነው፤ መርሐ ግብሩም ጥሩ ነው። ሆኖም ኮዱ የሚሮጠው ብረት ላይ ነው፤ ብረቱ ይግላል። ኃይሉ ደግሞ አለን፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዓባይ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመነጩ ኩባንያዎች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል፤ በእነዚያ አዳራሾች ከዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ሙቀት ማስወጣት ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራው፣ 72 ግራፊክስ ፕሮሰሰሮችን በአንድ መደርደሪያ የያዘው የኢንቪዲያ ሥርዓት 120 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል ይወስዳል፤ የሚቀዘቅዘውም በፈሳሽ ነው። ኃይሉ ከእኛ ወንዝ፣ ቅዝቃዜው ከእኛ ደጋ ሆኖ ቧንቧውን የሚገጥመው ባለሙያ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ትልቁ ጥቅም ያመልጠናል። ያ ባለሙያ ደግሞ ሙያውን መማር የሚችለው ከአንድ ኬዝ፣ ከአንድ ፓምፕና ከአንድ ራዲያተር ጀምሮ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ በአንድ ዓመት ሊጀመር የሚችል ነው። የደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ተማሪዎችን በአንድ ፕሮጀክት ያገናኙ። ከተቋማቱ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ጥቂቶቹ ተመርጠው አንድ ዓይነት ሥራ እየተሰጣቸው ሙቀታቸው ይለካ፤ ኬዛቸው ከተሠራ በኋላ እንደገና ይለካ። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ በአማርኛ ታትሞ ለየትምህርት ቤቱ ይድረስ፤ ንድፉም ለማንኛውም ላሜራ ሠሪ በነጻ ይሰጥ። ልኬቱ የምለውን ካረጋገጠ፣ የዞኑ መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ቀጣዩን ግዢ ሲፈጽሙ የጥገናውንና የኬዙን ሥራ ለአካባቢው ኢንተርፕራይዞች ይስጡ። ልኬቱ ካላረጋገጠም ተማሪዎቹ ስለ ሙቀት፣ ስለ አየርና ስለ ብረት በእጃቸው ሠርተው ያወቁት ለራሳቸው ይቀራል። ጎጃም የሚያስፈልገው ላሜራ፣ ቀርከሃ፣ ጋራዥና ቀዝቃዛ አየር ሁሉ አለው፤ እነዚህን በአንድ ወርክሾፕ የሚያሰባስብ ውሳኔ ደግሞ በኮሌጁና በዩኒቨርሲቲው አመራሮች እጅ ነው።