“እርጉዝ ናት?” ብለህ ለጠየቅከን ወንድሜ

ይድረስ ስምህን ለማላውቀው የላቦራቶሪ ባለሙያ፤

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት ቀን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከምትሠራበት ላቦራቶሪ መስኮት ፊት ቆመን ነበር። እኔ፣ ታናሽ እህቴና አክስታችን። ደረትህ ላይ ያለው ባጅ ተገልብጦ ስለነበር ስምህን አላነበብኩትም። መስከረም ላይ ላመሰግንህ ስመለስ ሥራ ቀይሮ ሄዷል አሉኝ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ እጽፍልሃለሁ። አንድ ሰው አንብቦ “ይሄ አንተ አይደለህም ወይ?” ይልህ ይሆናል።

በቀን ስንት ውጤት እንደምታወጣ እገምታለሁና የእኛን ላስታውስህ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ 31ኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎድኗ ሥር ያቃጥላታል። ቤተሰቡ በሙሉ “ጨጓራ ነው” አለ፤ እኔም ብያለሁ። እኛ ዘንድ ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ራስ ምታቱን ደግሞ አክስቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ እያሸች ስታስሸትታት ሰነበተች። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። የጨጓራ መድኃኒት ተጻፈላት፤ “ለማንኛውም” ተብሎ የጉበትና የኩላሊት ምርመራም ታዘዘላት። ግፊቷን የለካት አልነበረም። እዚያ ሪኤጀንት አልቋል ስላሉን የማዘዣ ወረቀቱን ይዘን ወደ አንተ መጣን። ወረቀቱ ላይ ስሟ፣ “ሴት” የሚል ቃልና 26 የሚል ዕድሜ ብቻ ነበር የተጻፈው።

ውጤቱን በመስኮቱ የሰጠችን የሥራ ባልደረባህ ናት። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አነበብነው፤ መቼም ሐኪም ጋ ሳይደርስ ማንበብ የማይቀር ነው። ቁጥር፣ ከጎኑ መደበኛ መጠን፣ ከዚያ ወዲያ ምልክት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ “ኤች” የምትል ፊደል ወፍራ ታትማለች፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ 210፣ ጣሪያው 120። ከጉበት ምርመራዎቹ ውስጥ መሆኑን ሳውቅ ሆዴ ተላወሰ። አክስቴ “የወፍ በሽታ ነው” ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ የእህቴን ዓይን ወደ ብርሃን እያዞረች ቢጫነት ትፈልግ ነበር። ከኩላሊት ምርመራው ክሬያቲኒኑን አይቼዋለሁ፤ 1.0 ይላል፤ መደበኛው ከ0.6 እስከ 1.2። ምልክት የለበትም። “ኩላሊቷስ ደህና ነው፣ ተመስገን” ብዬ አልፌዋለሁ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስታውሰው እጄ ይቀዘቅዛል።

አንተ ያን ጊዜ ነው በጎን በር የወጣኸው። ጓንትህን እንኳ አላወለቅክም። በብርዱ ምክንያት እህቴ በጋቢ ተጠቅልላ ስለነበር ሆዷ አይታይም። ፊቷን አየህና ወደ እኔ ዞረህ፣ “ይቅርታ፣ እርጉዝ ናት?” አልክ።

ኋላ ላይ እንዴት እንዳወቅክ ስጠይቅህ የነገርከኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች ምልክት ሳይኖርባቸው አልካላይን ፎስፋቴዝ ብቻውን ሲወጣ አየህ፤ የውጤቱ ባለቤት ደግሞ የ26 ዓመት ሴት። ይህ ንጥረ ነገር የሚመነጨው ከጉበትና ከአጥንት ብቻ አይደለም፤ እንግዴ ልጁም ያመነጨዋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከተለመደው ጣሪያ እጥፍና ከዚያም በላይ ቢደርስ፣ ሌላው ደህና እስከሆነ ድረስ፣ ጉበት ታመመ አያሰኝም። አክስቴን ያስለቀሰው ቁጥር ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ይልቁንም “ይህች ሴት ነፍሰ ጡር ናት” ብሎ የጠቆመህ እሱ ነው። እርጉዝ መሆኗን ካወቅክ በኋላ ደግሞ ጣትህ በቀጥታ ወደ 1.0 ወረደ።

“ከዚህ በፊት ኩላሊቷ ታይቶ ያውቃል?” አልክ። እህቴ የክትትል ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣች። በ12ኛ ሳምንቷ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟት በነበረ ጊዜ የተሠራ ውጤት ታጥፎ ውስጡ ነበር። ክሬያቲኒን፣ 0.5። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገህ በአውራ ጣቶችህ ያዝካቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አልክ።

ከዚያ እንደ እኔ ላለ፣ ሳይንስ ከ10ኛ ክፍል ወዲህ ላልነካ ሰው አስረዳኸኝ። እርግዝና ሲጀምር የእናቲቱ ደም በውሃ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ ወጥ ላይ ውሃ እንደማከል ነው አልከኝ፣ ሁሉ ነገር ይቀጥናል። ኩላሊት ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማጣራት ሥራውን በግማሽ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከጡንቻ የሚወጣው ክሬያቲኒን ደም ውስጥ መቀነስ አለበት። ዩሪያም እንዲሁ። በነፍሰ ጡር ክሬያቲኒኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 0.8 ባለው ውስጥ ይገኛል። 0.9 ሲሆን መጠርጠር ይገባል። ከ1.1 ካለፈ፣ ወይም ሌላ የኩላሊት ሕመም ሳይኖር ከነበረበት እጥፍ ከሆነ፣ ከደም ግፊት ጋር ተዳምሮ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ሕመም መክበዱን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው። ለእኔ ጤናማ የሆነው 1.0፣ ለእህቴ ግን የሚጮህ ቁጥር ነበር። ማሽኑ አልተሳሳተም። የተነገረው ሴት መሆኗና ዕድሜዋ ብቻ ነው፤ ያመሳከረውም እርጉዝ ካልሆኑ ሰዎች መጠን ጋር ነው።

“እኔ ላቦራቶሪ ነኝ፤ ውሳኔው የሐኪም ነው” አልከን፤ አክስቴ “ዶክተር” እያለች ስትለምንህ። “ግን በመጀመሪያ እንደገና ልሥራው። እናንተ እስከዚያ ግፊቷን አስለኩ።” ራስህ እስከ ነርሷ ክፍል ሸኘኸን። 156 በ104። ነርሷ ክንዷን ቀይራ ደገመችው፤ ያው ነው። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ ተገኘ።

ስመለስ ድጋሚውን እየሠራህ ነበር። ቱቦዋን አንስተህ ያሳየኸኝን አልረሳውም። ታች የረጋው ደም፣ በላዩ ሙጫ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ በላይ ንጹሑ ቢጫ ፈሳሽ። ደሙ ተሰባብሮ ቢሆን ኖሮ ፈሳሹ ቀላ ብሎ ይታይ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ኤስጂኦቲ የሚባለው የጉበት ምርመራ በሐሰት ከፍ ሊል እንደሚችል ነገርከኝ። የእሷ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ትንሽ ጠብታ ከሪኤጀንቱ ጋር ስትቀላቅለው ቢጫው ቀስ እያለ ወደ ብርቱካንማ ዞረ። በኋላ እንዳነበብኩት ይህን የቀለም ለውጥ በ1886 የመዘገበው ማክስ ያፌ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ያለፈው ቀለም ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዝናብ ቀን፣ የእህቴን ኩላሊት ሲናገር በዓይኔ አየሁ። ድጋሚውም 1.0።

ያኔ እስክሪብቶህን አወጣህና ከቁጥሩ ጎን “31 ሳምንት እርጉዝ፣ በ12 ሳምንት 0.5 ነበር፣ ተደግሞ ተረጋግጧል” ብለህ ጻፍክ፤ ከሥሩ ፈረምክ። ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም ወረቀቱን አይታ ምንም አልጠየቀችንም። ወዲያው አልጋ ያዝን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስለማታውቅ ልንገርህ። የግፊት ማውረጃ ተሰጣት፤ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት ተጀመረላት፤ ለሕፃኗ ሳንባ ማጠንከሪያ መርፌ ተወጋች። በማግስቱ ከአንተ ዘንድ 38 የነበረው ሌላው የጉበት ምርመራ፣ ኤስጂፒቲ፣ 131 ደረሰ፤ ፕሌትሌቷ 92 ሺህ ሆነ። ያ “ጨጓራ” ያልነው ማቃጠል ጉበቷ ነበር። ሐኪሞቹ ሄልፕ አሉት፤ ቀይ የደም ሴሎች የሚሰባበሩበት፣ ጉበት የሚጎዳበት፣ ፕሌትሌት የሚወርድበት ከባድ የፕሪኤክላምፕሲያ መልክ ነው። ስሙን ያወጣለት በ1982 ዋይንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደሆነ አንብቤያለሁ። ያ 38 ራሱ ማሽኑ ዘንድ “መደበኛ” ነበር፤ ጣሪያው 41 ነውና። እነዚህ የጉበት ኢንዛይሞች ግን በእርግዝና ከፍ ማለት የለባቸውም፤ ባሉበት ይቆያሉ ወይም ጥቂት ዝቅ ይላሉ፤ ቢሊሩቢንም እንዲሁ። አልቡሚን ደግሞ በደሙ መቅጠን ምክንያት ይወርዳል፤ በዚያ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ከፍ ሊል የሚገባው ከፍ ብሎ አስደነገጠን፤ ከፍ ሊል የማይገባው ጣሪያው ሥር ተደብቆ ዝም አሰኘን።

ልጅቷ እዚያው በሁለተኛው ቀን በኦፕራሲዮን ተወለደች። 1,480 ግራም። እናቷ ደረት ላይ በነጠላ ታስራ፣ ቆዳዋ ከቆዳዋ ተጣብቆ፣ አምስት ሳምንት ከረመች።

ካንተ ጋር ካሳለፍኩት አንድ ሰዓት ወዲህ ነፍሰ ጡር ዘመድ ሁሉ ውጤቱን ወደ እኔ ይልካል። ሐኪም አይደለሁም እላቸዋለሁ፤ ቢሆንም ሦስት ነገር ከመጠየቅ አልቦዝንም፦ ስንተኛ ሳምንት ነሽ፣ ድሮ ስንት ነበር፣ ግፊትሽን ለክተሻል? ስዊድን ያለችው የአጎቴ ልጅ “ክሬያቲኒኔ 52 ነው አሉኝ” ብላ ሌሊት ደውላልኝ ነበር። እዚያ በሌላ መለኪያ ነው የሚጽፉት፤ በ88.4 ስናካፍለው 0.6 አይሞላም፤ ተኝታ አደረች። ሌላዋ መዳፏንና የውስጥ እግሯን ሌሊት ሌሊት እያሳከካት፣ ወረቀቷ ላይ ግን የጎላ ነገር አልነበረም። እሷን ሐኪሟ ዘንድ እንድትመለስ አጥብቄ ነገርኳት፤ እንዲህ ያለው ማሳከክ የሐሞት ፍሰት ሲታወክ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚያሳየው ባይል አሲድ የሚባለው ለብቻው የሚታዘዝ ምርመራ ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ እዚህ ላይ አይረዳም፤ በእርግዝና ለሁሉም ከፍ ይላልና።

አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎ እንጂ እዚህ ላይ ባበቃሁ። በየላቦራቶሪው የማዘዣ ወረቀት ላይ “እርጉዝ ነሽ? ስንት ሳምንት?” የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ምን ይከብዳል? ዕድሜ ይጠየቃል፣ ጾታ ይጠየቃል። ያቺ መስመር የሌለችበት ቦታ ሁሉ አንተን የመሰለ ሰው በጎን በር እስኪወጣ መጠበቅ ሊኖርብን ነው። የሚሰማ አግኝቼ ይህን ባስለወጥኩ ብዬ እመኛለሁ፤ ለሚመለከታቸውም ጽፌያለሁ።

አክስቴ ዛሬም “ዶክተሩ ልጅ” ነው የምትልህ፤ ላርማት አልፈልግም። ወረቀቱን እህቴ ከሕፃኗ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ላስቲክ አስቀምጣዋለች። ሕፃኗ ዓመቷን ስትደፍን 8 ኪሎ ከ600 መዝናለች፤ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች፤ ዳማከሴ ሲሸታት ታስነጥሳለች።

እህቴም ግፊቷ ወርዷል፤ በየጊዜው ትለካለች፣ ለሚቀጥለው እርግዝናም ከወዲሁ እንድትነግራቸው ተመክራለች። ባለፈው ሳምንት ኩላሊቷን አሠራን። አንተ ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ስለሆነ ልንገርህ፤ እርጉዝ አይደለችም፣ ክሬያቲኒኗም 0.7 ነው።

እህትህ፣
በመስኮቱ ፊት ሰማያዊ ጃንጥላ ይዛ የነበረችው