በገዛ ራሱ አልገናኝ ስላለ ኮምፒዩተር

ስለ ቤት አያያዝ በሚጻፍበት በዚህ ዓምድ ላይ ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ማንሣታችን እንግዳ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባ ወዲህ የኮምፒዩተሩ ሕመም የቤተ ሰቡ ሕመም ሆኗል፤ የቤቱ ወጪ ሁሉ የሚሸፈነው በእርሱ አማካይነት በሚገኘው ደመወዝ ነውና።

በደሴ ከተማ በሆጤ የምትኖር፣ ቀድሞ ተማሪያችን የነበረች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በአንድ ማታ ፊቷ ጠቁሮ ወደ ቤታችን መጣች። መሥሪያ ቤቷ አዲስ አበባ ነው፤ እርሷ ግን ጡረተኛ አባቷን ለመጦር ስትል በቤቷ ሆና ትሠራለች። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ጊዜ ቪፒኤን የሚባለው መገናኛ ማንም ሳይነካው በገዛ ራሱ ይያያዝላት ነበር። ከስምንት ቀን ወዲህ ግን ጨርሶ እምቢ አለ። አለቃዋም ከሥራ ገበታሽ ላይ አልተገኘሽም የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከባት። «መምህር፣ እኔስ በየማለዳው ከፊቱ ተቀምጫለሁ፤ ማን ያምነኛል?» አለችን።

ቪፒኤን ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባብያን ባጭሩ እንግለጽ። ኢንተርኔት ማንም የሚሄድበት የሕዝብ ጎዳና ነው። ቪፒኤን በዚህ ጎዳና ላይ የሚላከውን ጽሑፍ በምስጢር ቋንቋ አሽጎ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያደርሰዋል። በመንገድ ያገኘው ሰው ቢከፍተው አያነበውም፤ መሥሪያ ቤቱም ከዚህ በር በቀር በሌላ በኩል የመጣውን ወደ ሒሳብ መዝገቡ አያስገባም። ስለዚህ በሩ ሲዘጋ ሠራተኛው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንደ ቀረ ይቈጠራል።

በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ሄድንላት። ኢንተርኔቱ መኖሩን ለማወቅ በስልኳ ሞከርን፤ አለ። ይህን አስቀድሞ ማየት ይገባል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ ራውተሩ ተነሥቶ መስመሩን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ኮምፒዩተሩ ቀድሞት ከተነሣ ቪፒኤኑ መንገድ አጥቶ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ትንሽ ታግሦ እንደ ገና መሞከር ይበቃል።

ቀጥሎም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሌላ ቪፒኤን አገኘን። ታስታውሱ እንደ ሆነ፣ ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ታግደው ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በነጻ የሚታደል ቪፒኤን በስልኩና በኮምፒዩተሩ ላይ ጫነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ግን ይኸው ቪፒኤን ምንም አልፈየደም፤ ቪፒኤን የተዘጋን በር ያልፍ ይሆናል እንጂ የሌለ መንገድ አይሠራምና። እገዳው ከተነሣ በኋላም ያ እንግዳ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ሁለት ቪፒኤን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ መንገዱን እኔ ልምራ እኔ ልምራ እያሉ ይጣላሉ። በነጻ የሚሰጠውም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ጽሑፋችንን ሁሉ በእጁ ያሳልፋል፤ እኛ በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ፈጽሞ አንፈቅደውም። አስወገድነው፤ ችግሩ ግን አልተፈታም።

ሦስተኛም በዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በራሱ የሚገናኘውን ቪፒኤን ሰው በእጁ ያቋረጠው እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ባለቤቱ አልፈልግም ብሏል ሲል ይመዘግባል፤ ከዚያም ወዲያ በገዛ ራሱ አይገናኝም። ሠራተኛው ያንን ረስቶ ተበላሸ ይላል። መፍትሔው በቪፒኤኑ ገጽ ላይ በራሱ ይገናኝ በሚለው ሳጥን ምልክቱን መልሶ ማድረግ ነው። የእርሷ ምልክት ግን በቦታው ነበረ።

እንግዲህ የስሕተት ቁጥሩን ጠየቅናት። አላስተዋለችውም። አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒዩተር እምቢ ሲል የሚያሳየውን ቁጥር ሳይጽፉ አይዝጉት። በዊንዶውስ ላይ 691 ቢል ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ አልተቀበለም ማለት ነው። 809 ቢል የመሥሪያ ቤቱ በር መልስ አልሰጠም፤ ብዙውን ጊዜም በመካከል ያለ ራውተር ወይም መከላከያ መንገዱን ዘግቶታል። 13801 ቢል የምስክር ወረቀቱ አልታመነም ማለት ነው። እንደ ገና ሞክሪ አልናት፤ 13801 ወጣ።

የምስክር ወረቀት ያልነው ኮምፒዩተሩና የመሥሪያ ቤቱ በር አንተ ማነህ ሲባባሉ የሚያሳዩት ማስረጃ ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል የሚል ጽሑፍ አለበት። ይህን በሐሳባችን እያወጣንና እያወረድን ሳለን ዓይናችን በመስኮቱ ጥግ ባለው ሰዓት ላይ አረፈ። 12:10 ይላል። ከደጅ ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ ጥላ ገብታ ልትጠልቅ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በእውነት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ዓመተ ምሕረቱም የእኛው ነው። ሁሉም ልክ ነበረ፤ ልክ በመሆኑም ማንም አላየውም!

ለካስ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታ ኖሮ፣ ሌሊት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያድር ነበር። አባቷም ማልደው ሲነሡ ቀኑ የተሳተ ኮምፒዩተር አይተው ልጄ ሥራዋ እንዳይሰናከል ብለው በግድግዳ ሰዓታቸውና በግድግዳ ቀን መቍጠሪያቸው አስተካከሉላት። በራሱ ይስተካከል የሚለውንም ዘጉት፤ እርሱ ሳይዘጋ በእጅ ማስተካከል አይቻልምና። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቈጥረው በአውሮፓውያን ነው። የእኛ ዘመን ከእነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል፤ ሰዓታችንም በስድስት ይለያል። በ2025 እ.ኤ.አ. የተሰጠ የምስክር ወረቀት 2017 ነው ለሚል ኮምፒዩተር ገና ያልተወለደ ማስረጃ ነውና ይጥለዋል። ዓመቱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በስድስት ቢሳሳት እንኳ ችግር አለ፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ያለው ከርቤሮስ የሚባለው የመግቢያ ሥርዓት እንደ ተለመደው ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት አይታገሥም።

ወደ መሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ስልክ ደውላ ካስፈቀደች በኋላ የሰዓት ቀጠናውን አየን። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል አይገኝም፤ የእኛ ሰዓት ናይሮቢ በሚለው ስም ሥር ነው የተጻፈው። ቀኑንና ሰዓቱን በአውሮፓውያን ሞልተን በራሱ ይስተካከል የሚለውን ከፈትን። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ብናስነሣው ቪፒኤኑ እኛ ሳንነካው ተያያዘ። ልጅቱ ሳቀችም አለቀሰችም።

ባትሪዋ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ናት፤ ቍጥሩ ራሱ ልኳን ይናገራል፤ ወርዷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለ ሆነ ክዳኑን አልከፈትንም፤ ባለሙያው በፈቀደው ሰው እጅ በሳምንቱ ተለወጠች። የስሕተቱን ቍጥርና ምክንያቱን ጽፋ ለአለቃዋ ላከች፤ እርሱም የበሩን መዝገብ አስመርምሮ በየማለዳው ሞክራ እንደ ተመለሰች ስላገኘ ማስጠንቀቂያውን አነሣላት።

አባት የሠሩትን ባወቁ ጊዜ እጅግ አዘኑ። እኛም በግድግዳ ሰዓትዎ ምንም ስሕተት የለም ብለን አጽናናናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ኮምፒዩተሩን ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ይሁን፣ ቀኑንስ በፈረንጅ ይቍጠር፤ ግን እኛ ሆጤ ተቀምጠን ስለ ምን ናይሮቢ ይላል?» ብለው ጠየቁን።