ገብር ኄርና የፈተና ወረቀት

ባለፈው የዐቢይ ጾም ወራት በተማሪዎች ምግብ ቤት አንድ ነገር ሆነ። ወጡ ቅቤ ነክቶታል የሚል ወሬ ከወደ ወጥ ቤቱ ተሰማና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥን ስምንት ተማሪዎች ሳህናችንን ገፍተን ተነሣን። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ሄዶ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ያን ቀን ዳቦና ሻይ ብቻ ቀምሰን ዋልን፤ በልባችንም ደስ አለን። በዚያው ሳምንት ዐርብ ፈተና ነበረብን። ከስምንታችን ስድስታችን መልስ ተቀባበልን፤ አንዱ በመዳፉ ላይ ጽፎ፣ ሌላው በካልኩሌተሩ ክዳን ውስጥ አጤሬራ ደብቆ ገብቶ ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ ጾማችን እንዳልተገደፈ እንጂ የሠራነው ሥራ ምን እንደ ሆነ ያሰበ አልነበረም። ይህን የምንጽፍ እኛ ከስድስቱ ውስጥ ነን።

የምንጽፈው ጾምን ለመንቀፍ እንዳይመስልብን እንለምናለን። ጾም ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሥርዐት ነው፤ እኛም እንጾማለን፤ ወደ ፊትም እግዚአብሔር ቢፈቅድ እንጾማለን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶናል። ከአንዲት ጠብታ ቅቤ የሚሸሽ ሰው ከሐሰት የማይሸሸው ስለ ምንድር ነው? ብዙ ካሰብንበት በኋላ ያገኘነው መልስ የሚያሳፍር ነው። ጾማችንን ጓደኛ ያየዋል፤ ሳህን መግፋታችንም ያስከብረናል። ኩረጃን መተው ግን ማንም አያይልንም፤ ማንም አያመሰግንበትም፤ ዋጋውም ከራሳችን ውጤት ላይ ይቀነሳል። እንግዲያውስ በዚያ ሳምንት የጠበቅነው እግዚአብሔርን መፍራት ሳይሆን የጠረጴዛችንን ክብር ኖሯል።

ከስምንታችን የቀሩት ሁለቱ ታሪካቸው ለብቻው ነው። ሰባተኛው ለመኮረጅ ፈልጎ ያልተሳካለት ሲሆን፣ ስምንተኛው ደግሞ ያላሳየው ነው። ሁለቱ ያገር ልጆች ናቸው፤ በአንድ መኝታ ክፍልም ይኖራሉ። ከኋላ የተቀመጠው የፊተኛውን ወንበር እግር በጫማው እየነካ ሦስተኛውን ጥያቄ እንዲያሳየው ለመነው። ልጁ ዞር አላለም። ከኋላ የነበረውም በዚያ ፈተና ወደቀ። ማታ በመኝታ ክፍላችን ችሎት ተቀመጠ፤ ዳኞቹም እኛው ነበርን። «ወንድምህ ሲሰምጥ እጅህን አልዘረጋህም» አልነው። «አንገትህ ላይ መስቀል አስረህ እንዲህ ትጨክናለህ? ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?» ያለውም ነበር። እሱ የመለሰው አጭር ነው። «ከፈተናው ሦስት ሳምንት አስቀድሜ ማታ ማታ አብረን እናጥና ብዬው ነበር። ሁለት ቀን መጣና ቀረ። ለድጋሚው ፈተና አሁንም ቢሆን አስጠናዋለሁ። ወረቀቴን ግን አላሳየውም» አለ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታ ነሣነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ። በግቢያችን ኩረጃን ደግፎ የሚቆም ትልቁ ክርክር ስንፍና አይደለም፤ ፍቅር ነው። የቸገረውን መርዳት፣ ለወንድም ማዘን፣ ብቻ አለመብላት የምንላቸው መልካም ቃላት ሁሉ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ለሐሰት ጠበቃ ሆነው ይቆማሉ። የማይሰጥ ሰው ቋጣሪ ይባላል፤ የሚሰጥ ደግሞ ደግ። ነገር ግን ደግነት የሚለካው ሰጪው ከራሱ በሚከፍለው ዋጋ ከሆነ፣ መልስ ማሳየት ምን ዋጋ አለው? ወረቀትን በጥቂቱ ወደ ጐን ማዘንበል ነው። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ እንቅልፍን ሰውቶ፣ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እየደገሙ ለጓደኛ ማስረዳት ግን ዋጋ አለው። ይህን ለማድረግ የተነሣው ከስምንታችን አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ጨካኝ አልነው።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዕለቱ የሚነበበው በማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ ያለው የመክሊቱ ምሳሌ ነው። ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠና ወደ ሩቅ አገር ሄደ። ስብከቱን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው ሁላችንም ዐይናችን የሚያርፈው መክሊቱን በቀበረው ላይ ነው። እኛ ግን ዘንድሮ ልብ ያልነው ሁለት የተሰጠውን ሰው ነው። ሁለቱን አራት ባደረገ ጊዜ የሰማው ምስጋና፣ አምስቱን ዐሥር ያደረገው ከሰማው አንዲት ቃል እንኳ አልጐደለበትም። ጌታው ድምሩን አልጠየቀም፤ በተሰጠህ ምን ሠራህ ብሎ ብቻ ጠየቀ። አራቱን ስድስት አስመስሎ ለማቅረብ ከጐረቤቱ ሁለት ቢበደር ኖሮ ግን ያ ሰው በጎ አገልጋይ ባልተባለ ነበር። በራስ ድካም የተገኘ «ሲ» በሰው ወረቀት ከተገኘ «ኤ» የሚበልጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

ደግሞም ምሳሌው የሚናገረው ስለ ትንሽ አደራ መሆኑን አንርሳ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት የወደቁት አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እንቢ በማለታቸው ነው። ሐውልታቸው አጠገብ ስናልፍ ባርኔጣችንን እናነሣለን፤ እንዲህ ያለ ጽናት በኛም ዘመን በተገኘ እንላለን። ከኛ ግን የሚፈለገው ነፍስን አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ አንዲት ጥያቄ ባዶ ትቶ መውጣት ነው። በጥቂት ነጥብ እንቢ ማለት ያቃተው ሰው በጥይት ፊት እንቢ እል ነበር ብሎ ራሱን ቢያታልል የሚያምነው የለም።

ይህ የጥቂት ተማሪዎች ነገር ነው የሚለን ቢኖር አገራችንን ይመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል፣ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ኩረጃ ብቻ ነው አንልም፤ የመጽሐፍ እጥረትም፣ የጦርነቱም ጠባሳ፣ የመምህራንም ችግር አለበት። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ውጤት መስሎን የኖረው ምን ያህል ባዶ እንደ ነበረ በዚያ ጊዜ ተገለጠ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ከመቶው ከ60 የሚበልጠው ሕዝባችን ክርስቲያን ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ የማያዝን ክርስቲያን ማን ነው? ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን መድኃኒት የምናዝ፣ ድልድይ የምንለካ፣ ፍርድ የምንሰጥ እኛ ነን። በኮረጅናት በዚያች ጥያቄ ምክንያት የሚታመመው ሰው ስማችንን እንኳ አያውቅም።

አሁን ወደ ምግብ ቤቱ እንመለስ፤ አንድ ዕዳ ቀርቶብናልና። ከትንሣኤ በኋላ ያን ቀን ወጡን ወደ ሠሩት እናት ሄደን፣ እማማ፣ ያን ጊዜ ቅቤ ነክቶት ነበርን? ብለን ጠየቅን። ዘይት እንጂ ቅቤ በቤቱ እንዳልነበረ ነገሩን። ቀጥለውም፣ «ልጆቼ፣ እኔስ እጾም የለም ወይ?» አሉ። ስምንት ሳህን ሙሉ ወጥ ሲደፋ ቆመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ ማካፈልና የተጨቈነውን ነጻ ማውጣት መሆኑን ያስተምራል። እኛ ግን ስለ ጾም ብለን እንጀራ ደፋን፤ የምትጾምን እናትም በሐሰት አማን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። ሣቁብንና ሻይ ቀዱልን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ የማኅበሩ ጋዜጣ የስብከት ዐውደ ምሕረት አይደለም፤ በመካከላችን እስላሞችም፣ ሃይማኖት የለኝም የሚሉም አሉ፤ ይሉን ይሆናል። ልክ ናቸው። እውነተኛነት የክርስቲያን ብቻ ንብረት ነው አላልንም፤ በረመዳን ጾሙን ይዞ ፈተናውን በንጹሕ እጁ የሚሠራ ጓደኛ ስላለን ይህን እናውቃለን። የምንለው አንድ ነገር ነው። መስቀል ያሰረ ሰው ሳይጠየቅ ቃል ገብቷል። እምነታችንን የማይቀበል ጓደኛችን መጽሐፋችንን ላያነብ ይችላል፤ ጠባያችንን ግን በየቀኑ ያነባል። ያዕቆብ በመልእክቱ ሥራ የሌለውን እምነት ነፍስ ከተለየው ሥጋ ጋር ያመሳሰለው ስለዚህ ነው።

የተከበሩ መምህራኖቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር እንለምናለን። አንድ ዐይነት ጥያቄ ከዓመት ዓመት ሲቀርብ፣ ወረቀት ሳይመለስ ውጤት ብቻ ሲለጠፍ፣ ሳይማሩበት የቀረ ምዕራፍ በፈተና ሲመጣ፣ ተማሪው ድካም ዋጋ እንደሌለው ይማራል። ጥፋታችንን በእናንተ ላይ ለማሳበብ አይደለም፤ አደራው የጋራችን ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ስለ ሆነ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየትምህርት ክፍሉ ከፈተና ሦስት ሳምንት በፊት የማታ ጥናት እንዲቋቋምና ከፍ ያሉት ዝቅ ያሉትን እንዲያስጠኑ ማኅበራችን ክፍል ይጠይቅልን፤ እኛም ስማችንን ለማስጠናት አስመዝግበናል። ሁለተኛ፣ መልስ አላሳይም ያለውን ተማሪ ሰላምታ መንሣት ከዛሬ ጀምሮ ነውር ይሁን። ሦስተኛ፣ የምንበላውን ከሚያበስሉልን፣ የምንተኛበትን ከሚጠርጉልን ሰዎች ጋር ስንነጋገር እናቶቻችንና አባቶቻችን መሆናቸውን እናስብ።

ያ ያልኮረጀው ጓደኛችን ቃሉን ጠብቆ ያገሩን ልጅ አስጠናው። ልጁም ድጋሚውን ፈተና በራሱ እጅ ሠርቶ በ«ሲ» አለፈ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሁለቱ ተቃቅፈው ሲስቁ አየናቸው። እኛ በዚያው ትምህርት «ቢ» አለን፤ ነገር ግን ያን ዕለት እንደነሱ የሣቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ከስድስቱ ሦስቱ