ሱቅ ከመክፈታችሁ በፊት



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተመርቃችሁ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ሥራ ለምትጠብቁ ነው። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ወሬያችን ያው ነው፤ «መነሻ ገንዘብ ባገኝ የራሴን እጀምር ነበር።» እኔ አገኘሁ። ጎረቤቴ የሚሸጠውን ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት አምጥቼ ከሱቁ ፊት ለፊት ደረደርኩ። በስምንተኛው ወር ዘጋሁ። በድርቁ አሳበብኩ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቶ የቦረና ከብት ሲረግፍ ከዚያ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? ጎረቤቴ ግን በዚያው ድርቅ አልዘጋም።

አንድ ቀን የዱቤ ደብተሩን አሳየኝ። ለራሱ ከመክፈቱ በፊት በሰው እህል መጋዘን ተቀጥሮ ሲሠራ የለመደው አያያዝ ነው። የመጋዘኑ ደብተር ዕዳን በወር ይመዘግብ ነበር፤ እሱ አሠሪውን አስፈቅዶ በገበያ ቀን ከፋፈለው። ማን በየትኛው ገበያ ከብት ያወጣል፣ ማን ዝናብ ከገባ በኋላ አይሸጥም፣ ሁሉም ተጽፏል። ከአንዳንዱ ስም ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ፎራ» ይላል፤ ከብቱን ይዞ ርቆ ሄዷል፣ እስኪመለስ አትጠይቁት ማለት ነው። አርብቶ አደር የሚከፍለው ከብት ሲሸጥ እንጂ ወር ሲሞላ አይደለም። እኔ ይህን አላወቅሁም ነበር። አምስት ቀን የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ወስጄ የቢዝነስ ፕላን ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ቅጹ ስለ ፎራ አልጠየቀኝም። (አበሉን ግን በደንብ አስታውሳለሁ።)

ትምህርት አይጠቅምም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2008 ሰሎሞን ደስታ፣ ጌታቸው ገብሩ፣ ሰዩም ተዘራና ሌይን ኮፖክ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚሁ በደቡቡ ቆላ የሠሩት ሥራ አለ። የጀመረው ብር በማደል አልነበረም። ከዚህ የሄዱ አርብቶ አደሮች ድንበር ተሻግረው የሰሜን ኬንያ ሴቶች እንዴት ማኅበር እንደሚያቋቁሙ፣ እንዴት እንደሚቆጥቡና እንደሚነግዱ በዓይናቸው አዩ፣ ከራሳቸው ከሴቶቹ አፍ ሰሙ። ሲመለሱ የእኛም ተጀመሩ፤ በመጨረሻ 59 ማኅበራት ሆኑ፣ ከ2,000 በላይ አባላት፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ፊደሉም ስሌቱም ከቁጠባውና ከፍየል ንግዱ ጎን ለጎን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 ድርቅ ሲመታ የማኅበሩ ቤተሰቦች ከሌሎቹ በተሻለ መቋቋማቸው ተመዝኖ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ታተመ። ቀድሞ ከውኃና ከማገዶ ሸክም ቀና ማለት ያቃታቸው ሴቶች መሪዎች ሆነው ነበር።

እኛ ዲፕሎማ ይዘን መቀጠርን እንንቃለን። የሰው ሱቅ ውስጥ መቆም ውርደት ይመስለናል፤ በሰው ገንዘብ እየተሳሳቱ መማር እንደሆነ ማንም አይነግረንም። አሠሪያችሁ ሁለት ዓመት ደመወዝ እየከፈለ ያስተምራችኋል፤ የትኛው ኮሌጅ ነው ይህን የሚያደርገው?

እኔ አሁን የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። ብዙው ደንበኛ ማንበብ አይችልም፤ ባለሙያው የሚነግረውን የመድኃኒት መጠን መንገድ ላይ ይረሳዋል። ስለዚህ በትንንሽ ወረቀት ላይ ፍየል፣ ላም፣ ግመል እየሳልኩ ከሥራቸው የሚሰጠውን ያህል ጭረት አደርጋለሁ፤ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ። አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት «ሕፃን ሆንክ እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ባለፈው ገበያ ግን ወረቀቱ ሲያልቅ ደንበኞች አንሄድም ብለው ቆሙ፤ ራሱ ሮጦ ደብተር ገዝቶ መጣ። የራሴን መሸጫ መቼ እንደምከፍት ገና አልቆረጥኩም። የማን ፍየል በየትኛው ወር ምን እንደሚያማት መዝግቤ አልጨረስኩማ።

ግመሏ ግን እምቢ ብላኛለች፤ ስስላት አህያ ትመስላለች፣ ሰዎቹ ይስቁብኛል። ከመካከላችሁ ግመል መሳል የሚችል ካለ በገበያ ቀን ጎራ ይበል፤ ሻዩ በእኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከነገሌ ቦረና