«ብርድ ነው» ያልነው ሕመም

ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ እናቴ «ብርድ ነው፣ ተሸፈኚ» አለችኝ። ቅባት እየቀባሁ አንድ ዓመት አለፈ። ሐኪም ጋ ስሄድ የመገጣጠሚያ ብግነት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሁለቱ ጣቶቼ ጠማማ ናቸው።

ሰሞኑን ስለ «ኤክስፕሎረር» አነበብኩ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች የመሩት የፔት ስካን ማሽን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን የሰው ምስሎች ያሳየው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በአንዴ ያነሳል። ጥቂት ጨረር ያለው ስኳር በደም ሥር ይሰጣል፤ የተቆጣው የሰውነት ክፍል ስኳሩን ስለሚሻማ ምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ኤክስሬይ በደንብ የሚያሳየው አጥንቱ ከተበላ በኋላ ነው፤ ይሄኛው ግን እሳቱን ሲነድ ያሳያል።

«ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ማሽኑ ውድ ነው፤ ለዚህ ሕመም ያለው ጥቅምም ገና እየተጠና ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ተማርኩበት፦ ጣት ላይ የታየው ሕመም መላ ሰውነትን ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ ማሽን አንጠብቅ። መገጣጠሚያችሁ አብጦ፣ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ እየገተራችሁ ሳምንታት ካለፉ ሐኪም ጋ ሂዱ። መድኃኒቱ በጊዜ ሲጀመር ጉዳቱን ይገታል፤ የተበላ አጥንት ግን አይመለስም። እናቶቻችንንም በፍቅር «እማዬ፣ ብርድ ላይሆን ይችላል» እንበላቸው።