በኑዛዜው ላይ ያልነበረው ሦስተኛው ልጅ

ዛሬ ስለ ኑዛዜ ላወጋችሁ ነው። «ምነው በደኅና ቀን ስለ ሞት!» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ሳላስተውል ምስክር ሆኜ እስክፈርም ድረስ።

ነገሩ የሆነው ሐሮ ወንጪ ነው። ከሐይቁ በላይ ተራራው ላይ የሚኖር አንድ ወንድማችን በጠና ታሞ፣ እኔና ባለቤቴ ከአምቦ ልንጠይቀው ወጣን። የመጀመሪያ ሚስቱ ሁለት ልጆች ትታለት አርፋለች፤ ሁለተኛዋን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ለካ በዚያው ዕለት ሊናዘዝ ሽማግሌዎች ጠርቶ ኖሯል። በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ እዚያው መፈረም አለበት፤ አንድ ሰው ጎደለና አራተኛዋ እኔ ሆንኩ። ቃሉ አጭር ነበር። ከአባቱ የወረሳቸውን ቤትና ከብቶች፣ ባሕር ዛፉንና የንብ ቀፎዎቹን ለሁለቱ ልጆቹ በስማቸው እየጠራ እኩል ሰጠ። (የእርሻው መሬት በገጠር መሬት ሕግ የሚመራ ስለሆነ እዚህ ወረቀት ላይ አልገባም።) ሚስቱ ቡና እያፈላች ትሰማለች። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

በሦስተኛው ሳምንት ቀበርነው። ሁለት ወር ማርገዟን የነገረችኝ ለቅሶው ላይ ነው፤ ያውም በሹክሹክታ። «ታሞ ሳለ ምን ብዬ ልንገረው እኅቴ? ሲድን እነግረዋለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት ተገላበጥኩ!

ወንድ ልጅ ወለደች። የትልልቆቹ ልጆች አጎት ግን ወረቀቱን ይዞ ቆመ። «ሟች ሁለት ብሏል፤ ሦስት አላለም» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሟች እኅቱን ልጆች ድርሻ ነው የሚጠብቀው። ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

የተማርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ቢሆንም በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተውሼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንቀጽ 2 አስገረመኝ። የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ ይቆጠራል፤ በሕይወት ይወለድ፣ ለመኖርም የሚችል ይሁን እንጂ። ለመኖር ይችላል የሚባለው ደግሞ 48 ሰዓት ከኖረ ነው። ከዚያ በፊት ቢሞትም፣ የሞተው በተፈጥሮ ድካም ሳይሆን በሌላ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ይቻላል። ፅንሱ ከልደቱ ቀን ወደ ኋላ 300 ቀን ስለሚቆጠር፣ አባቱ በሞተ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ሲሞት በማኅፀን እንደ ነበረ ይወሰዳል። በየመንደሩ በጣት ወር እየቆጠሩ መበለቶችን የሚያሳቅቁ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነበር።

እናቶች፣ ያቺን 48 ሰዓት ቀላል አድርጋችሁ አትዩአት። ሕፃኑ ያን ያህል ኖሮ ቢያርፍ እንኳ ወርሷል፤ ድርሻውም እናቱን ጨምሮ ወደ ራሱ ወራሾች ያልፋል። የተወለደበት ሰዓት በካርዱ ላይ በትክክል መጻፉን የምታዩት ለዚህም ነው።

ታዲያ «ሁለት» የሚለው ቃል እንዴት ሆነ? እኔ ዳኛው የአባትየውን ልብ አይቶ ሁለቱን ሦስት ብሎ የሚተረጉመው መስሎኝ ነበር። እንዲህ አይደለም። የኑዛዜው ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ዳኛው የተናዛዡን ሐሳብ ከወረቀቱና ከሁኔታው ይፈልጋል። ቃሉ ግልጽ ከሆነ ግን ከእርሱ ወጥቶ ሌላ ሐሳብ መፈለግ አይፈቀድለትም። «ለልጆቼ» ብሎ ቢሆን ኖሮ በማኅፀን ያለውም ልጅ ነውና መከራከሪያ ነበረው። ሁለት ስም ግን ሁለት ስም ነው።

ሕፃኑን ያዳነው ሌላ ድንጋጌ ነው። ኑዛዜው ከተጻፈበት ቀን በኋላ ለተናዛዡ ልጅ ከተወለደና ውርሱን ከተቀበለ፣ በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች ይወድቃሉ። አብርሃም የደማስቆው ኤሊዔዘር ይወርሰኛል ሲል እንደ ነበረው መሆኑ ነው፤ ይስሐቅ ሲመጣ ያ ሁሉ ተለወጠ። ሆኖም ዳኛው «ይህ ሰው ልጁ መወለዱን ቢያውቅም ስጦታውን አይለውጥም ነበር» ብሎ ካመነ፣ ኑዛዜውን በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጸናው ይችላል። ያን ጊዜም አዲሱ ልጅ ያለ ኑዛዜ ይደርሰው ከነበረው ሦስት አራተኛውን ያገኛል። ለምሳሌ ውርሱ 300,000 ብር ቢያወጣና ልጆቹ ሦስት ቢሆኑ፣ ኑዛዜው ከወደቀ ለእያንዳንዱ 100,000 ነው፤ ከጸና ለትንሹ 75,000 ይሆናል። (የጋብቻ ንብረት ከሆነ አስቀድሞ የሚስት ግማሽ ይነሣል። ባል የሚስቱን ግማሽ መናዘዝ አይችልም፤ ስንቱ እንደሚናዘዝ ግን አይታችኋል።)

ዳኛው በኦሮምኛ የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር፦ ያን ቀን ምን ሲል ሰማሽ? እውነቱን ተናገርኩ። «ልጆቼን አላበላልጥም፣ እኩል ናቸው» ሲል ሰምቻለሁ። ኑዛዜው ወደቀ፤ ሦስቱም እኩል ወረሱ። አጎትየው ከችሎት ሲወጣ ሕፃኑን ተቀብሎ አቀፈው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። በአሜሪካ አንድ በካንሰር የታመመ ባል ዘሩን በሕክምና አስቀምጦ በ2002 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ሚስቱ ከ18 ወር በኋላ መንታ ወለደች። ባልና ሚስቱ ወደፊት የሚወለዱትም ከነበሩት እኩል እንዲሆኑ ለጠበቃቸው ነግረው ነበር፤ ኑዛዜው ላይ ግን አልተጻፈም። እናቲቱ ለመንታዎቹ በአባታቸው የጡረታ መብት ገንዘብ ብትጠይቅም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. አልፈረደላትም። የእኛም ሕግ የ300 ቀኑን ቁጥር ይዞ ቢሄድ መንታዎቹን አያገኛቸውም።

አያት «ለልጅ ልጆቼ» ቢልስ? በሞተበት ቀን በማኅፀን ያለው ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚፀነሰው ግን በዚያ ቀን የለምና አይወርስም። ንብረቱን ለልጁ ሰጥቶ፣ ልጁ በተራው ለሌላ እንዲያስተላልፍ ማዘዝ ሕጉ ይፈቅዳል፤ እርሱን ግን ያለ ሕግ ባለሙያ አትሞክሩት።

በቅርቡ አብረውኝ ከመሰከሩት ሽማግሌዎች አንዱ ጠሩኝ። ሰባት ልጆቻቸውን በስም የዘረዘሩበት አሮጌ ኑዛዜ አላቸው፤ «ከዛሬ በኋላ የሚወለዱልኝም ከእነዚህ ጋር እኩል ይካፈሉ» የሚል ይግባበት አሉኝ። ዕድሜያቸው 71 ነው። ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው ሲስቁ ሰማኋቸው። እንደ አዲስ ጻፍነው፤ አራት ምስክሮችም ጠራን።